ገንዘብ ከእጅ ሲወጣ ለምን ያማል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ በአዲስ አበባ የሚኖሩ፣ ቋሚ ደመወዝ ያላቸው የሁለት ልጆች እናት ናቸው። የልጆቻቸውን የትምህርት ቤት ክፍያ ሲፈጽሙ እምብዛም አይከብዳቸውም፤ ለራሳቸው ጫማ ለመግዛት ብር ቆጥረው ሲያወጡ ግን «ሆዴን ቁርጥ ያደርገኛል» ይላሉ፤ አንዳንዴም ጫማው እንደሚያስፈልጋቸው እያወቁ ሳይገዙ ይመለሳሉ። በሌላ በኩል በስልክ ሲከፍሉ ምንም ስለማይሰማቸው፣ ወሩ ሳያልቅ ጥቃቅን ወጪዎች ደመወዛቸውን ጨርሰውት ይገኛሉ። ባለቤታቸው የእርሳቸው ተቃራኒ በመሆናቸው «ስስታም ነሽ» እያሉ ይወቅሷቸዋል። ማወቅ የፈለጉት ይህ ስሜት ከየት እንደሚመጣ፣ አከፋፈሉ ሲቀየር ለምን እንደሚጠፋና በእርግጥ ስስት ስለመሆኑ ነው።

ከመጨረሻው ልጀምር፤ የገለጹልኝ ነገር ስስት አይደለም። ለልጆችዎ ሲሆን እጅዎ ይፈታል፤ የሚታሰረው በአብዛኛው ለራስዎ ሲሆን ነው። የሸማቾችን ሥነ ልቦና የሚያጠኑ ባለሙያዎች ይህን ስሜት የመክፈል ሕመም ይሉታል፤ መጠኑ ይለያይ እንጂ በብዙ ሰው ላይ የሚታይ፣ በሙከራም በተደጋጋሚ የተፈተሸ ነገር ነው። ከዚህ ሁሉ ጥናት እኔ ዋና ነው የምለው አንድ ነጥብ አለ፤ ሕመሙ የወጣውን ገንዘብ ብዛት በትክክል አይለካም። የበለጠ የሚከተለው ገንዘቡ መቼ፣ በምን መልክና በሐሳብዎ ለምን ጉዳይ ከተመደበው ላይ እንደወጣ ነው። ስለዚህ ሕመም ተሰማዎት ማለት ገንዘብዎን አባከኑ ማለት አይደለም፤ ሕመም አልተሰማዎትም ማለትም ወጪው ቀላል ነበር ማለት አይደለም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህን ለማስረዳት ነው።

የኢኮኖሚክስ መጻሕፍት እንደሚሉት አንድ ሰው ዕቃ ለመግዛት ሲያስብ የሚያመዛዝነው ዕቃው የሚሰጠውን ጥቅም በዚያው ገንዘብ ሊያገኘው ይችል ከነበረው ሌላ ጥቅም ጋር ነው። በወረቀት ላይ ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን 3,000 ብር የሚጠየቅበት ጫማ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ያ ገንዘብ ስንት ኪሎ ጤፍ፣ ስንት ወር የመብራትና የውኃ ሒሳብ ወይም ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ምን ያህል ተቀማጭ እንደሚሆን አንድ በአንድ አስቦ ሊጨርስ አይችልም፤ አብዛኛው ሰውም ማሰብ አይጀምርም። ሼን ፍሬድሪክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎችን አንድ የፊልም ቅጂ ትገዛላችሁ ወይ ብለው ጠየቋቸው። ለአንደኛው ወገን የቀረበው አማራጭ «አልገዛም» የሚል ብቻ ነበር፤ ለሌላው ወገን ግን ባይገዛ ገንዘቡ ለሌላ ግዢ እንደሚቀርለት የሚናገር ሐረግ ታከለበት። ሐረጉ ማንም የሚያውቀውን ነገር ቢናገርም እርሱን ያነበቡት ሰዎች የመግዛት ፍላጎታቸው ጉልህ በሆነ ሁኔታ ቀነሰ። ገንዘቡ ለሌላ ነገር ሊውል እንደሚችል ካልተነገራቸው በቀር በገዛ ራሳቸው አላሰቡትም ማለት ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን የማይሠራ አእምሮ ወጪውን የሚገታበት ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል፤ ያም መንገድ ስሜት ነው። ኦፈር ዜለርማየር እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ዲግሪው የጻፈው ጥናት በዚህ ርዕስ ላይ ያተኮረ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ድራዘን ፕሬሌክና ጆርጅ ሎዌንስታይን ሐሳቡን ወደ ሙሉ ንድፈ ሐሳብ አሳደጉት። እንደ እነርሱ አገላለጽ እያንዳንዱ ግዢ ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ ይዞ ይመጣል፤ ከዕቃው የሚገኘውን ደስታና ከክፍያው የሚመጣውን ሕመም። ሁለቱ በሐሳብ ውስጥ ምን ያህል እንደተጣበቁ ወይም እንደተራራቁ የግዢውን አጠቃላይ ስሜት ይወስናል። ደስታው ስለ ዋጋው ሲያስቡ ይቀንሳል፤ ሕመሙም የተከፈለበትን ነገር ሲያስቡ ይለዝባል። ይህ «መጣበቅ» የሚሉት ነገር ወደ ኋላ የምመለስበት ስለሆነ ያስታውሱልኝ።

ሕመም የሚለው ስም ምን ያህል እውነት ነው? በዚህ ላይ ብዙ የሚጠቀሰው ብራያን ክኑትሰን ከሪክ፣ ከዊመር፣ ከፕሬሌክና ከሎዌንስታይን ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው ጥናት ነው። ሃያ ስድስት ሰዎች የአንጎልን እንቅስቃሴ በሚያሳየው የኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ ተኝተው መጀመሪያ የዕቃው ምስል፣ ቀጥሎ ዋጋው ታያቸው፤ ከዚያ በኋላ ለመግዛት ወይም ለመተው ወሰኑ። የወደዱትን ዕቃ ሲያዩ ከሽልማትና ከጉጉት ጋር የሚያያዘው ኒውክለስ አከምበንስ የተባለው ክፍል ነቃ። ዋጋው በዝቷል በተባለ ጊዜ ደግሞ ኢንሱላ የተባለው ክፍል እንቅስቃሴው ጨመረ፤ ኢንሱላው የነቃበት ሰውም ዕቃውን የመተው ዕድሉ ከፍ አለ። ተመራማሪዎቹ እነዚህን ምልክቶች አይተው ሰውየው ውሳኔውን ከመግለጹ በፊት ምን እንደሚመርጥ በአጋጣሚ ከሚገመተው በተሻለ ሁኔታ መተንበይ ችለዋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ይህ ጥናት ሲጠቀስ «ገንዘብ ማውጣት አካልን እንደ መጉዳት ነው» እስከ ማለት ይደረሳል፤ ጥናቱ ግን ያን ያህል አላለም። ኢንሱላ በሕመም ጊዜ እንደሚነቃ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን በመጸየፍ፣ በሥጋትና በሌሎች ደስ የማይሉ ስሜቶች ጊዜም ይነቃል። እርስዎ ጫማ ቤት ውስጥ ሆድዎን ቁርጥ ሲያደርግዎ የሚሰማዎት ነገር ከቁስል ይልቅ ለአንድ መጥፎ ነገር ሲጠጉ ከሚመጣው የመሸሽ ስሜት ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ ተራ አይደለም፤ ቁስል መዳን አለበት፣ የመሸሽ ስሜት ግን ትክክለኛውን ነገር እያመለከተ ስለመሆኑ መመርመር ይኖርበታል።

አሁን ወደ ጥሬ ገንዘቡና ወደ ስልኩ ልምጣ። ፕሬሌክና ዱንካን ሲሜስተር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ሥራ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ አመራር ተማሪዎችን ለቦስተን ሴልቲክስ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ትኬት እንዲጫረቱ አደረጉ። ትኬቱ በገበያ ያለቀ፣ ስለዚህም ተፈላጊ ነበር። ገሚሶቹ ካሸነፉ በጥሬ ገንዘብ፣ ገሚሶቹ በክሬዲት ካርድ እንደሚከፍሉ ተነገራቸው። በካርድ እንዲከፍሉ የተነገራቸው ያቀረቡት አማካይ ዋጋ በጥሬ ገንዘብ እንዲከፍሉ ከተነገራቸው በእጥፍ ገደማ በለጠ። ትኬቱ አንድ ነው፤ የሚወጣውም ዶላር ያው ዶላር ነው። የተቀየረው የሚከፈልበት መንገድ ብቻ ነበር።

ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም ከእርስዎ ጥያቄ ጋር የሚገናኙት በተለይ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው መታየት ነው፤ ብር ሲቆጠር ዓይን ያያል፣ ጣት ይዳስሳል፣ ቦርሳው ሲሳሳም ይታወቃል። በስልክ ሲከፈል ግን የሚነካው ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር ለ50 ብርም ለ5,000 ብርም የሚጠይቀው ድካም እኩል ነው። ሁለተኛው ጊዜ ነው፤ በክሬዲት ካርድ የገዛ ሰው ዕቃውን ዛሬ ይዞ ይሄዳል፣ ክፍያው ግን ከሌሎች ክፍያዎች ጋር ተደባልቆ በወሩ መጨረሻ ይመጣል፤ ስለዚህ የትኛው ሕመም የየትኛው ዕቃ እንደሆነ አይታወቅም። በአገራችን ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር፣ ከዚያ በፊትም በባንኮች የስልክ አገልግሎት የሚፈጸመው ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ከራስ ሒሳብ ወዲያው የሚቀነስ በመሆኑ ሁለተኛው ምክንያት እምብዛም አይመለከተውም። በእኛ ዘንድ የሚሠራው በዋናነት የመጀመሪያው ነው። ይህን መለየት የሚጠቅመው መፍትሔውም ስለሚለያይ ነው፤ የእርስዎ ችግር ዕዳ አይደለም፣ አለማየት ነው።

የገንዘቡ መልክ በጥሬ ገንዘብ ውስጥም ልዩነት ያመጣል። ፕሪያ ራግቡርና ጆይዲፕ ስሪቫስታቫ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት አንድ ትልቅ ኖት የያዘ ሰው ተመሳሳዩን ገንዘብ በዝርዝር ከያዘ ሰው ይልቅ ገንዘቡን ለማውጣት ያመነታል፤ ይህንንም በአሜሪካ ብቻ ሳይሆን በቻይና የ100 ዩዋን ኖት ለተሰጣቸው ሴቶች ደግመው አይተውታል። መስከረም 2013 ዓ.ም. ላይ የ200 ብር ኖት ከወጣ ወዲህ እርሱን ላለመመንዘር ሲል ሻይ መጠጣቱን የተወ ሰው በየአካባቢያችን እንዳለ አልጠራጠርም፤ አንዴ ከተመነዘረ በኋላ ምን ላይ እንዳለቀ እንደማይታወቅም ሁላችንም እናውቀዋለን።

የመክፈል ሕመም ጥቅም አለው የምለው እዚህ ላይ ነው። አቭኒ ሻህና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች አንድ ዓይነት ኩባያ በአንድ ዋጋ፣ ገሚሱ በጥሬ ገንዘብ ገሚሱ በካርድ ገዙ። ጥቂት ቆይቶ ኩባያውን መልሰው ቢሸጡት ስንት እንደሚጠይቁበት ሲጠየቁ በጥሬ ገንዘብ የገዙት ከሌሎቹ ወደ 3 ዶላር ገደማ የሚበልጥ ዋጋ ጠሩ፤ የተገዛው በ2 ዶላር መሆኑን ልብ ይበሉ። ሕመም ያለበት ክፍያ ገዢውን ከዕቃው ጋር ያስተሳስረዋል፤ ያላመመ ክፍያ ዕቃውንም ያቀልለዋል። በስልክዎ ከፍለው የገዟቸው ጥቃቅን ነገሮች ምን እንደነበሩ በወሩ መጨረሻ ማስታወስ ቢከብድዎ አያስገርምም።

ነገር ግን ሚዛን ለመጠበቅ ያህል ሁለት ነገሮችን መጨመር አለብኝ። አንደኛ፣ ሳቸን ባንከርና ባልደረቦቹ (ፕሬሌክ ራሱ አንዱ ነው) እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት የአንጎል ጥናት በካርድ መክፈል ሕመምን ከመቀነስ ይልቅ የሽልማት ጉጉትን እንደሚቀሰቅስ የሚያመለክት ውጤት አግኝተዋል፤ ካርዱ ፍሬኑን ከማላላት ይልቅ ነዳጁን የሚጨምር ይመስላል። ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ17 አገሮች የተገኙ 71 ጥናቶችን በአንድ ላይ የመረመረ ሥራ ሰዎች ያለ ጥሬ ገንዘብ ሲከፍሉ በእርግጥ የበለጠ እንደሚያወጡ ቢያረጋግጥም ልዩነቱ ትንሽ እንደሆነና ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ እንደመጣ አሳይቷል። እንደ እኔ ግምት የሚቀንሰው ሰው አዲሱን አከፋፈል ሲለምደው ቁጥሩን እንደ ገንዘብ ማየት ስለሚጀምር ነው። በስልክ መክፈል በእኛ አገር ገና የጥቂት ዓመታት ልምድ በመሆኑ እኛ የምንገኘው ልዩነቱ ሰፊ በሆነበት ወቅት ላይ ሊሆን ይችላል። በዚሁ ሥራ ውስጥ ለጉርሻና ለበጎ አድራጎት በሚሰጥ ገንዘብ ላይ ልዩነቱ አልታየም።

አሁን ቅድም ያስታውሱልኝ ወዳልኩት የደስታና የክፍያ መጣበቅ ልመለስ። ፕሬሌክና ሎዌንስታይን ሰዎችን ስለ ሁለት ግዢዎች ጠየቁ፤ አንዱ የአንድ ሳምንት የእረፍት ጉዞ፣ ሌላው የልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ ማሽን ነው። ሁለቱም በስድስት ወር የሚከፈሉ ሲሆኑ ክፍያው ከአገልግሎቱ በፊት ወይም በኋላ ሊሆን ይችላል። ገንዘብን ማዘግየት ሁልጊዜ ይጠቅማል ከተባለ ለሁለቱም «በኋላ» ማለት ነበረባቸው። ብዙዎቹ ግን ማሽኑን በኋላ፣ ጉዞውን በፊት መክፈል መረጡ። ማሽኑ እየተከፈለበት ማጠቡን ስለሚቀጥል እያንዳንዱ ክፍያ የሚያጽናናው ነገር አለው፤ ያለፈ የእረፍት ሳምንት ግን ምንም ሳይመልስ ገንዘብ ብቻ ይጠይቃል። አስቀድሞ የተከፈለበት ጉዞ በአንጻሩ በነጻ የሚዝናኑበት ያህል ይሰማል።

ይህን ወደ እቁብ ብናመጣው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። አሥር ሰዎች በየወሩ 5,000 ብር ቢጥሉ መጀመሪያ የሚደርሰው ሰው 50,000 ብሩን ተጠቅሞ ዘጠኝ ወር ይከፍላል፤ መጨረሻ የሚደርሰው ደግሞ ዘጠኝ ወር ከፍሎ፣ በአሥረኛው መዋጮውን ጥሎ ይወስዳል። ከሒሳብ አንጻር የመጀመሪያው ባለዕጣ ዕድለኛ ነው፤ የዋጋ ንረት ባለበት ጊዜ ደግሞ እጅግ ዕድለኛ ነው። ከስሜት አንጻር ግን በገንዘቡ ምን እንዳደረገበት ይወስነዋል። ማቀዝቀዣ ከገዛበት ቀሪዎቹ መዋጮዎች እንደ ማሽኑ ክፍያ የሚታገሡት ይሆናሉ፤ ለድግስ ካዋለው ግን ድግሱ ከተረሳ በኋላ የሚጥለው እያንዳንዱ 5,000 ብር ያንገበግበዋል። ይህን የምለው ከንድፈ ሐሳቡ ተነሥቼ እንጂ በእቁብ ላይ የተደረገ ሙከራ ጠቅሼ አይደለም፤ ሆኖም እቁብ የሚጥሉ ሰዎች የሚነግሩኝ ከዚህ የራቀ አይደለም። እቁብ ሌላም ጥቅም አለው፤ «ዛሬ ልቆጥብ ወይስ ልተው» የሚለውን ውሳኔ ከሰውየው ላይ ያነሳለታል። ውሳኔ በሌለበት ሕመሙ ይቀንሳል።

ሕመምን ማስቀደም ገደብ እንዳለውም ልብ ማለት ይገባል። ጆን ጉርቪልና ዲሊፕ ሶማን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት በዓመት ሁለት ጊዜ የሚከፍሉ የስፖርት ማዘውተሪያ አባላትን ተከታተሉ፤ አባላቱ በከፈሉበት ወቅት ተመላለሱ፣ ወራት ሲያልፉ ቀሩ፣ ድጋሚ ሲከፍሉ ተመለሱ። የክፍያው ትዝታ ሲደበዝዝ «ከከፈልኩ ልጠቀምበት» የሚለው ግፊትም አብሮ ደበዘዘ። በሌላ ጫፍ ደግሞ በየደቂቃው የሚቆጥር ክፍያ ደስታን ያጠፋል። በስልክ መስመር ኢንተርኔት ያቀርብ የነበረው የአሜሪካው አሜሪካ ኦንላይን ኩባንያ በታኅሣሥ 1996 እ.ኤ.አ. በሰዓት ከማስከፈል ወደ ቋሚ የ19.95 ዶላር ወርሃዊ ክፍያ ሲዞር ደንበኞቹ ስልክ መስመሮቹ እስኪጨናነቁ ድረስ አገልግሎቱን ተጠቅመውበታል። በታክሲ ተሳፍሮ ዓይኑን ከቆጣሪው መንቀል ያቃተው ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ ዋጋው ከመነሻው ከታወቀ ግን ያው ገንዘብ ቢሆንም መንገዱን እያየ ይሄዳል።

የትምህርት ቤቱ ክፍያ ሳያምም የጫማው ለምን ያማል? ሁለት ምክንያት ይታየኛል። የመጀመሪያው ሪቻርድ ቴለር ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያጠናውና በ2017 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ የሆነው የሐሳብ ሒሳብ አያያዝ ነው። ሰው ገንዘቡን በሐሳቡ በየጉዳዩ ይከፋፍለዋል፤ ይህ ለኪራይ፣ ይህ ለትምህርት ቤት፣ ይህ ለአስቤዛ እያለ። የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ገና ደመወዝ ሲገባ «የወጣ» ስለሆነ በክፍያው ቀን የሚነጠቁት ነገር የለም። ናታን ኖቬምስኪና ዳንኤል ካኔማን እ.ኤ.አ. በ2005 እንደተከራከሩት ለመገበያያ ተብሎ የተዘጋጀ ገንዘብ ሲወጣ እንደ ኪሳራ አይቆጠርም። ጫማው ግን በሐሳብዎ የተመደበለት ገንዘብ የለውም፤ ስለዚህ ከየትም ቢከፈል ለሌላ ጉዳይ ከተመደበው ላይ እንደተነጠቀ ሆኖ ይሰማዎታል።

ሁለተኛው ምክንያት በእኛ ሁኔታ ከመጀመሪያው የሚከብድ ይመስለኛል። ሰው ዋጋን የሚመዝነው ከሚያስታውሰው ዋጋ ጋር አነጻጽሮ ነው። በኢትዮጵያ የዋጋ ንረቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ይበልጥ ተወደደ። ጤፍና ዘይት በየጊዜው የሚገዙ በመሆናቸው የሚያስታውሱት ዋጋ ይታደሳል፤ የትምህርት ቤቱም ክፍያ እንዲሁ። ለራስዎ ጫማ የገዙት ግን ምናልባት ከዓመታት በፊት ነው፤ በሐሳብዎ የቀረው ዋጋ የዚያን ጊዜው ነው። ነጋዴው የዛሬውን ዋጋ ሲጠራልዎ የሚሰማዎት ሕመም ከፊሉ የጫማው ሳይሆን የእነዚያ ዓመታት የዋጋ ጭማሪ ሁሉ በአንድ ጊዜ መውረዱ ነው። እናቶች ለራሳቸው እምብዛም ስለማይገዙ ይህ ጭነት በእነርሱ ላይ ይበረታል፤ ሳይገዙ በተመለሱ ቁጥር ደግሞ ትዝታው ይበልጥ ያረጃል፣ የሚቀጥለው ሙከራም ይበልጥ ያማል። ይህ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው፤ ራሱን ያስቀደመ ሰው ሳይሆን ራሱን ያዘገየ ሰው «ስስታም» ተብሎ ይወቀሳል።

ስለ እርስዎና ስለ ባለቤትዎ ልዩነት ደግሞ ስኮት ሪክ፣ ሲንቲያ ክራይደርና ሎዌንስታይን እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት የሚነግረን አለ። ከ13,000 በላይ ሰዎችን ጠይቀው መክፈል ከሚገባው በላይ የሚያማቸውን ቋጣሪዎችና ከሚገባው በታች የሚያማቸውን በታኞች ለዩ። ቋጣሪዎቹ ከበታኞቹ ሦስት ለሁለት በሆነ መጠን በለጡ። ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ቋጣሪን ከቆጣቢ መለየታቸው ነው፤ ቆጣቢ ሰው የሚቆጥበው መቆጠብ ደስ ስለሚለው ነው፣ ቋጣሪው ግን የሚቆጥበው ማውጣት ስለሚያመው ነው፤ ቋጣሪው ራሱ ከዚህ የበለጠ ማውጣት እንደሚገባው እያወቀ ይቸገራል። በአንዱ ሙከራቸው የ5 ዶላር ተጨማሪ ክፍያ «ትንሽ የ5 ዶላር ክፍያ» ተብሎ ሲቀርብ ቋጣሪዎቹ የመክፈል ፈቃደኝነታቸው ጨመረ፤ በታኞቹ ላይ ግን ቃሉ ብዙም ለውጥ አላመጣም። እርስዎ ጫማውን እየፈለጉት መተውዎ ከቋጣሪው ወገን እንደሚያስመድብዎ እገምታለሁ።

ሪክ ከዲቦራ ስሞልና ከኤሊ ፊንክል ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው ሌላ ጥናት ቋጣሪና በታኝ ብዙ ጊዜ እንደሚጋቡ አገኘ፤ እያንዳንዱ በገንዘብ ነገር ራሱን ስለማይወደው ከራሱ የማይመስለውን ይመርጣል። ችግሩ መጀመሪያ የሳባቸው ልዩነት ከጋብቻ በኋላ የጭቅጭቅ ምንጭ መሆኑ ነው። ባለቤትዎ «ስስታም» ሲሉዎ፣ እርስዎም «አባካኝ» ሲሏቸው፣ ሁለታችሁም የምትናገሩት ስለ ጠባይ ይመስላችኋል፤ እውነታው ግን ያው 1,000 ብር ከእጅ ሲወጣ አንዳችሁ የሚሰማችሁን ሌላችሁ የማይሰማችሁ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሲነጋገሩ «ለምን ታወጣለህ» ከሚለው ይልቅ «ይህን ስከፍል እንዲህ ይሰማኛል፣ አንተስ?» ብሎ መጀመር ከወቀሳ ያድናል።

ምን ያድርጉ? ለእርስዎ የምመክረው ሕመሙን ማጥፋት ሳይሆን ቦታውን ማዘዋወር ነው። ለጫማና ለልብስ ደመወዝ ሲገባ ወዲያውኑ ከሌላው የተለየ ሒሳብ ወይም ፖስታ ውስጥ የተወሰነ ገንዘብ ያስቀምጡ፤ ያኔ ጫማ ቤት ሲደርሱ ክፍያው ውሳኔ መሆኑ ይቀርና የተወሰነ ነገር መፈጸሚያ ይሆናል። ከመሄድዎ በፊት ለመግዛት ሳይሆን ዋጋ ለመጠየቅ ብቻ አንድ ቀን ገበያ ይዙሩ፤ ያረጀውን ዋጋ ከሐሳብዎ የሚያወጣው ይህ ነው። የጫማውን ዋጋ ደግሞ በሚለበስበት ጊዜ ያካፍሉት፤ ሁለት ዓመት የሚቆይ የ3,000 ብር ጫማ በቀን ከ5 ብር በታች ነው። ነጋዴዎች ይህን ስሌት ለራሳቸው ጥቅም እንደሚያውሉት አውቃለሁ፤ ለሚያስፈልግዎ ነገር እርስዎ ራስዎ ካሰሉት ግን ጉዳት የለውም።

ለጥቃቅኑ የስልክ ወጪ መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሕመሙ መመለስ አለበት። ለሻይ፣ ለታክሲና ለመሳሰለው የሳምንቱን ገንዘብ በጥሬው አውጥተው ይያዙ፤ ኪስዎ ሲሳሳ ያዩታል። በስልክ መክፈል ግድ ከሆነ ከከፈሉ በኋላ የሚመጣውን አጭር መልእክት ሳያጠፉ ቀሪ ሒሳብዎን ያንብቡ፤ የታየ ቁጥር እንደተቆጠረ ብር ባይሆንም ከምንም ይሻላል። መብራት፣ ውኃና የትምህርት ቤት ክፍያን በስልክ መፈጸሙ ግን ይቀጥል፤ አይቀሬ በሆነ ክፍያ ላይ መታመም ለማንም አይጠቅምም።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። ገንዘቡ በእውነት የማይበቃ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጫማውን መግዛት የወሩን አስቤዛ የሚያጎድል ከሆነ፣ የሚሰማዎት ስሜት ትክክለኛ መረጃ ነውና በዘዴ ማለዘብ አይገባም። በተቃራኒው ገንዘብ እያለ መድኃኒት እስከ መተው ወይም የልጅን ሕክምና እስከ ማዘግየት ከደረሰ ነገሩ ከዚህ ምላሽ ያልፋልና የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል፤ ከጻፉልኝ እንደተረዳሁት እርስዎ እዚያ አልደረሱም።

ለባለቤትዎ ያለኝ ሐሳብ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ 230 ጥንዶችን ለሁለት ዓመት ተከታትሎ የጋራ የባንክ ሒሳብ እንዲከፍቱ የተደረጉት የግንኙነታቸው ጥራት ከሌሎቹ በተሻለ እንደቆየ አሳይቷል። የእኛ ቤተሰብ ዘመድ የሚረዳበት፣ ለእድርና ለማኅበር የሚዋጣበት ስለሆነ ሁሉንም ነገር በአንድ ሒሳብ ማድረግ ላይመች ይችላል። የቤቱ ዋና ዋና ወጪዎች ከአንድ የጋራ ሒሳብ ቢወጡ፣ ከዚያ በተረፈው ላይ ለእያንዳንዳችሁ ማንም የማይጠይቅበት የተወሰነ ገንዘብ ቢመደብ ግን ለሁለታችሁም ይበጃል። የእርስዎን ድርሻ ለራስዎ ካላዋሉት ወደ ቤቱ ወጪ እንዳይመለስ ከመጀመሪያው ከባለቤትዎ ጋር ይስማሙ፤ ቋጣሪ ሰው የተመደበለትንም መልሶ የመስጠት ልማድ አለበትና።